የንቦቹ ማመልከቻ

«የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ንብ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም እስካለፈው ነሐሴ ድረስ እንዲሁ ነበር የምንለው። ነገሩ የጀመረው በአንድ ማመልከቻ ነው።

እኛ ሦስት ነን። ያደግነው በአቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ሰፈር ነው። ጧት ገና ሳይነጋ ተነሥተን ወደ ስድስት ኪሎ እንጓዛለን፤ ማታ በዚያው መንገድ እንመለሳለን። በሰፈሩ «ዩኒቬርሲቲ የገቡት ልጆች» ተብለን ስለምንታወቅ የሚጻፍ ነገር ያለው ጎረቤት ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ስለ ጡረታ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ውሃ ቆጣሪ፣ ስለ አጥር ክርክር ጽፈናል። ከከፍተኛ ትምህርት ያገኘነው ዋና ጥቅም «ጉዳዩ፦» ብሎ መጀመርን ማወቅ ነው ቢባል ብዙ ሐሰት አይሆንም።

በነሐሴ መጨረሻ የመጡት ግን ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስለማይወዱ ጋሼ ብለን እንለፈው። በግቢያቸው ጥግ፣ ከግራሩ ሥር፣ በጭቃና በእበት የተለሰኑ አራት ቀፎዎች ነበሯቸው። በእነዚያ ቀፎዎች ምክንያት በልጅነታችን ዓይናችን ያላበጠበት ዓመት የለም። ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ደግሞ እጃችንን እስከ ክርናችን ድረስ ልሰናል። ስለዚህ ጋሼ «አንድ ነገር ትጽፉልኛላችሁ» ሲሉን እምቢ የሚል ከመካከላችን ሊገኝ አይችልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያቸው በኩል መንገድ ሊያልፍ ተቀይሶ ኖሮ እስከ መስከረም 20 ቀን ድረስ ቀፎዎቹን እንዲያነሡ ተነግሯቸዋል። መስከረም ማለት አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ ንቡ ቀፎውን መሙላት የሚጀምርበት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ቀፎ ማንሣት ምጥ የያዛትን ሴት ቤት ልቀቂ እንደ ማለት ነው። «ልጆች» አሉን ጋሼ፤ «እናንተ ታሪክ የምትማሩ አይደላችሁም? እንግዲያው እነዚህ ንቦች ነባር መሆናቸውን ጻፉልኝ። ከሐዲዱም ከከተማውም በፊት የነበሩ ናቸው፤ መጤ አይደሉም በሉ። በታሪክ አስደግፉት»።

እሺ አልን። እሺ ማለት ቀላል ነው።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ሐሳባችን አጭር ነበር። ከአንድ አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አቃቂ ማር የሚናገር አንድ መስመር አግኝተን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጠቅሰን፣ ጉዳዩን ለመዝጋት ነበር። ዳሩ ግን አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን ሳቀብን። «የንብን ነባርነት ለማስረዳት መቶ ዓመት ምን ያደርግላችኋል? ቢያንስ ሃያ ሺሕ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከበረዶው ዘመን ጀምሩ» አለን። እኛም በተራችን ሳቅንበት። የበረዶ ዘመን የፈረንጅ አገር ወሬ እንጂ የእኛ ታሪክ አይመስለንም ነበር።

እርሱ የሰጠንን ጽሑፍ ስንገልጥ መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈበት ስም «ቱሉ ዲምቱ» የሚል ነው። የአቃቂ ልጅ ይህን ስም ሲያይ የሚታሰበው የጋራ መኖሪያ ቤቱና ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ ነው። አንዳችን «እንዴ! ቱሉ ዲምቱ ላይ በረዶ ነበረ?» ብሎ ጮኸና የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ገሠጸችን። ለካስ የተጻፈው ስለ ባሌው ቱሉ ዲምቱ ኖሯል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌ ተራሮች ራስ ነው። በኦሮምኛ ሁለቱም «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ ነገሩ ከሩቅ አገር ወደ ሰፈራችን የመጣ ያህል ተሰማን፤ ማንበባችንንም ቀጠልን።

ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚኖር የበረዶ ግግር የለም። ይሁን እንጂ በባሌ፣ በአርሲና በስሜን ተራሮች በረዶው እየገፋ ያከማቸው የድንጋይ ክምር እስካሁን በሸለቆዎቹ አፍ ይታያል። ሊቃውንት እነዚህን ድንጋዮች መርምረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 እንዳስታወቁት፣ የባሌና የአርሲ በረዶ እጅግ የሰፋው ከዛሬ 42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። የዚያን ጊዜው ቅዝቃዜም በተራሮቹ ላይ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ነበር። በሳነቴ አምባ ላይ እንደ ታረሰ ፈር የተሰለፉ ታላላቅ ድንጋዮች አሉ፤ እነርሱን ያሰለፈ ሰው ሳይሆን የምድሩ ውርጭ ነው።

አራትና ስድስት ዲግሪ ለሰሚው ጥቂት ይመስላል። እስቲ በአገራችን መለኪያ እንመዝነው። አባቶቻችን ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል፤ የበረዶውን ዘመን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። ሰው ተራራ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ቅዝቃዜ ያገኛል። እንግዲህ አገሩ ሁሉ በ4 ወይም በ6 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ውርጩ ወደ ደጋው፣ ደጋውም ወደ ወይና ደጋው ከ700 እስከ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። አቃቂ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያን ዘመን በአቃቂ የቆመ ሰው ቢኖር ዛሬ በእንጦጦ ጫፍ የሚያንቀጠቅጠውን ብርድ እዚሁ ያገኘው ነበር።

ቅዝቃዜው ብቻውን አልመጣም፤ ድርቅን አስከትሎ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከጣና ሐይቅ ሥር የተቆፈረውን ጭቃ መርምሮ፣ ከዛሬ 17,000 እስከ 16,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ጣና ደርቆ እንደ ነበር አሳይቷል። ጣና ከደረቀ ዓባይ ከሐይቁ አይወጣም። ይህን ስናነብ ለጊዜው ዝም አልን። ዓባይን ያላነሣ መጽሐፍ ባላየንበት የታሪክ ክፍል ውስጥ ዓባይ ከጣና ያልወጣበት ዘመን እንደ ነበረ የነገረን ሰው አልነበረም። ኋላ ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ያለ ልክ ተመለሰ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የእኛም የአቃቂ ወንዝ የሚገባው ወደዚያው ወደ አዋሽ ነው።

ሰውም ከዚህ ውጣ ውረድ አላመለጠም። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በሚባል የዋሻ ጥላ ሥር፣ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱ እንደ ነበር በ2019 ታውቋል። የበረዶው ግግር ከእነርሱ ሩቅ አልነበረም። በዚያ ያለውን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል፤ ለመሣሪያቸውም ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ይጠቀሙ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ሆነ፦ ሰው እሳት አለው፤ ነፍሳት ምን ነበራቸው?

መልሱን ስናገኝ የነበራቸው መንገድ ብቻ መሆኑን አየን። ብርዱ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ፤ ሙቀቱ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ። ረስል ኩፕ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በአገራቸው የበረዶ ዘመን ጭቃ ውስጥ የጥንዚዛ ክንፍና ራስ እየለቀሙ ኖረዋል። በ1973 እንዳሳወቁት፣ ከእነዚህ መካከል አንዷ የእበት ጥንዚዛ ዛሬ የምትገኘው በእንግሊዝ ሳይሆን በቲቤት አምባ ላይ ነው። ጥንዚዛዋ ጠባይዋን አልለወጠችም፤ አገሯን ለወጠች እንጂ። የምትወደው ብርድ ወደ ሄደበት ተከትላ ሄደች።

መንገድ ያጣ ግን ባለበት ይቀራል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ክንፋቸው የማያበር ጥንዚዛዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ዘሮች የሚገኙት በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው። ለእነርሱ የበረዶው ዘመን የመገናኛ ዘመን ነበር ማለት ይቻላል፤ ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ የሚኖሩበት ምድር ሰፍቶ ተራራ ከተራራ ይቀራረባል። ሙቀት ሲመጣ ግን ምድራቸው ወደ ራሱ ላይ እየጠበበ ይወጣና እንደ ደሴት ይሆናል። የጫካ ነፍሳት ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ድርቁ ጫካውን ሲቆራርጠው እነርሱ በየወንዙ ሸለቆ ተነጣጥለው ይቀሩና ዝናቡ ሲመለስ ይገናኛሉ። ለአንዱ እስራት የሆነው ዘመን ለሌላው ነጻነት ነበር።

አሁን አንባቢ «ይህ ሁሉ በምን ይታወቃል? ጥንዚዛ ታሪክ አይጽፍም» ይል ይሆናል። እኛም እዚህ ላይ ተደናቅፈን ነበር። መሰናክሉን ያሻገረን የራሳችን የትምህርት ክፍል ነው።

የብራና መጻሕፍት እንዴት እንደሚዛመዱ በክፍል ተምረናል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ቃል ቢሳሳት፣ ከእርሱ ግልባጭ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወርሳሉ። ስለዚህ በጎንደርና በጎጃም የሚገኙ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስሕተት ቢኖራቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ መምጣታቸውን እንረዳለን፤ የስሕተቱም ብዛት ምን ያህል ጊዜ እንደ ተገለበጡ ይጠቁማል። በሕይወት ያለው ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የተባለውን ረጅም ጽሑፍ ይዞ ይኖራል፤ ለልጁም ሲያወርሰው ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በሺሕ ዓመታት ውስጥ እነዚህ ጥቃቅን ስሕተቶች ተጠራቅመው የዘር ሐረግ መቁጠሪያ ይሆናሉ።

ከዚህም በላይ ይነግሩናል። ብዙ መጻሕፍት የነበሩበት ገዳም ቢኖርና አንድ መነኩሴ አንዲቱን ብቻ ይዞ ቢሰደድ፣ በአዲሱ ገዳም የሚገለበጡት ሁሉ የዚያችው ልጆች ናቸውና እርስ በርሳቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ የሚቀረው በአሮጌው ገዳም ነው። ጎድፍሬይ ሂዊት የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በአውሮፓ የሣር ፌንጣዎች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። በበረዶው ዘመን ፌንጣዎቹ በደቡብ፣ በስፔን፣ በኢጣልያና በባልካን ተጠልለው ነበር። በረዶው ሲሸሽ ከባልካን የተነሡት ፈረንሳይን፣ ጀርመንን፣ እንግሊዝን ሞሉ። የስፔኖቹን የፒሬኔ ተራሮች፣ የኢጣልያዎቹን የአልፕስ ተራሮች አገዷቸው። ዛሬ በሰሜን ያሉት ፌንጣዎች በሰፊ አገር ተበትነው ሳለ በዘር እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ የደቡቦቹ በጠባብ አገር ሳሉ ብዙ ልዩነት አላቸው። በፒሬኔ ተራራ መተላለፊያ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ይዳቀላሉ፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያው ትውልድ የሚወለዱት ወንዶች መካን ናቸው። ለዓይን አንድ የሚመስሉ ፌንጣዎች፣ በረዶው ለያይቷቸው በቆየበት ዘመን ያን ያህል ተራርቀዋል።

ወደ ንቦቻችን እንመለስ፤ ጋሼ የሚጠብቁት ማመልከቻ አለና።

ስለ ኢትዮጵያ ንብ የሊቃውንቱ ቃል አንድ አይደለም። በ2004 አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው የንቦችን አካል ለክተው በአገሪቱ አምስት ዓይነት የንብ ወገን አለ አሉ። በ2011 ደግሞ ማሪና ማይክስነርና ባልደረቦቻቸው እንደገና ለክተው፣ ከጎረቤት አገሮች ንቦችም ጋር አስተያይተው፣ የኢትዮጵያ ንቦች አንድ ራሱን የቻለ ወገን ናቸው አሉ፤ ስሜንን የሚያስታውስ «ሲመንሲስ» የሚል ስምም አወጡለት። እኛ ይህን ስናገኝ ደስ አለን። «የራሳቸው ወገን» የሚለው ቃል ለጋሼ ማመልከቻ የተዘጋጀ መሰለን። አንዳችንማ «ከዚህ በላይ ነባርነት ምን አለ?» ብሎ ብዕሩን አነሣ።

ሁለተኛው ጽሑፍ ግን ብዕሩን አስቀመጠው። በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ጠቆር ያሉ፣ ብርድ የሚችሉ ንቦች አሉ። ተራሮቹ ተራርቀው ሳለ ንቦቹ ስለ ተመሳሰሉ፣ «እነዚህ በበረዶው ዘመን አገሩን ሁሉ ሸፍኖ የነበረው የአንድ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው፤ ሙቀቱ ሲመጣ በየተራራው ራስ ተቆርጠው ቀሩ» የሚል አስተያየት ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበር። መልካም ታሪክ ነው፤ እኛም ወደድነው። በ2017 ግን በኬንያና በኤልጎን ተራሮች ያሉት ንቦች ሙሉ ጽሑፋቸው ተነበበ። የተራራው ንብ ከጎረቤቱ ከሜዳው ንብ ጋር በሁሉም ነገር ማለት ይቻላል አንድ ሆኖ ተገኘ። ተለይቶ የተገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ፣ በ7ኛውና በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ክፍሎች ግን እጅግ ጥንታውያን ናቸው፤ በተራራቁት ተራሮችም ላይ ያው ናቸው።

በእኛ ቋንቋ ስናስረዳው፣ የተራራው ንብ ከሜዳው ንብ ጋር እየተጋባ መጽሐፉን ሁሉ ተገለባብጧል፤ ሁለት ጥንታውያን ምዕራፎችን ብቻ ሳያስነካ ጠብቋል። ነባር ነው ቢባል በሁለት ምዕራፍ ነባር ነው። መጤ ነው ቢባል በቀረው ሁሉ ከሜዳው ጋር አንድ ነው። በተጨማሪም በ2014 የ14 ሕዝቦች ንብ፣ በጠቅላላው 140 ንቦች፣ ተነብበው የንብ ቁጥር በአየሩ መለዋወጥ ልክ ሲበዛና ሲያንስ እንደ ኖረ ታይቷል። የጸና ስፍራ ይዞ የኖረ ንብ የለም።

በዚህ ላይ ሦስታችን ተጣላን። አንዱ «ማመልከቻ የሚጻፈው ለመርታት ነው፤ ነባር ናቸው ብለን እንፈርም፤ ማን ክሮሞሶም ሊቆጥር ይመጣል?» አለ። ሌላው «ሐሰት ከጻፍን የተማርነው ለምን ነው?» አለ። ሦስተኛው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔን የሚያስፈራኝ ሐሰትነቱ አይደለም። ነባር ያልሆነ ሁሉ ይነሣ የሚለውን ሕግ በገዛ እጃችን መፈረማችን ነው። የእኛ ወላጆች አቃቂ መቼ መጡ?» አለ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። የአንዱ አባት ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ የሁለተኛው አያት ሐዲዱን ተከትለው ከድሬዳዋ፤ የሦስተኛው እናት ወገን ከተማው ሳይደርስበት እዚሁ ያርስ የነበረ ገበሬ ነው። ሦስታችንም በጋሼ ንብ ተነድፈናል።

ማታ ወደ ጋሼ ሄድንና ያገኘነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ በረዶውን፣ የደረቀውን ጣና፣ ፌንጣዎቹን፣ ሁለቱን ምዕራፎች። ሳያቋርጡን አዳመጡ። የባሌውን ቱሉ ዲምቱ ስንነግራቸው ብቻ ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነው?» አሉን በመጨረሻ። «ንብ እኮ መጥታ ነው የምትገባው። እኔ መቼ ገዛኋት? ባዶ ቀፎ አጥኜ ሰቀልሁ፣ መንጋው መጣ፣ ገባ። ሲከፋት ትሄዳለች። የእኔ ብዬ አስሬ ያኖርኳት አንዲት ንብ የለችም»።

«ታዲያ ጋሼ፣ ነባር ናቸው ብላችሁ ጻፉ ለምን አሉን?»

«ሌላ ቃል የሚሰማ አጥቼ ነዋ» አሉ። «መንደሩ ሁሉ የሚከራከረው በዚያ ቃል ነው። እኔም በርትቶ የሚሰማ ቃል መስሎኝ ነው»።

በዚያች ሌሊት በጋሼ ቤት፣ ቡና እየጠጣን፣ ማመልከቻውን ጻፍን። «ነባር» የሚለውን ቃል አላስገባንበትም። ንቦቹ ከሩቅም ከቅርብም የመጡ መሆናቸውን፣ ከአደይ አበባ ወራት በፊትም በኋላም ቢነሡ ግድ እንደሌለ፣ በአበባው መካከል ቢነሡ ግን እንደሚጠፉ ጻፍን። የለመንነው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ ማሩ እስኪቆረጥ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ጊዜ እንዲሰጥ፤ ሁለተኛ መንገዱ ሲሠራ ከዳር ያለው ግራርና በወንዙ አፋፍ ያለው ቁጥቋጦ እንዳይመነጠር። ለሁለተኛው ምክንያቱን እንዲህ ስንል ገለጽን፦ ነፍሳት ብርድንም ድርቅንም ያለፉት ከቆላ እስከ ደጋ የሚያደርስ የአበባና የዛፍ መንገድ ስላልተቋረጠባቸው ነው፤ አቃቂም በአዋሽ ሸለቆና በእንጦጦ መካከል ያለች በር ናት። ባቡሩም አውራ ጎዳናውም በዚህ በኩል የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የጻፍነው በግምት ነው፤ የአቃቂን ንብ የመረመረ ጥናት በእጃችን አልነበረምና። ግምት መሆኑንም በማመልከቻው ላይ ጠቅሰናል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «በማመልከቻ ላይ ይመስለናል ተብሎ ይጻፋል?» ብለው ተገረሙ፤ ቢሆንም ፈረሙ።

መልስ ሳይመጣ መስከረም 20 ደረሰ።

ቀፎ በቀን አይነሣም። ደግሞም ጥቂት ብቻ ካራቁት ሠራተኞቹ ንቦች በማግሥቱ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳሉና ሩቅ መወሰድ አለበት። ስለዚህ ምሽት ላይ ንቡ ሁሉ ሲገባ የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ደፍነን፣ በተከራየነው ጋሪ ላይ አስረን፣ ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ማዶ ወደሚኖሩት የጋሼ ዘመድ ወሰድናቸው። ጋሪው በደነገለ ቁጥር ቀፎዎቹ ውስጥ የሚነሣው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሯችን ነው። ጋሼ መንገዱን ሁሉ እጃቸውን በአንደኛው ቀፎ ላይ እንዳሳረፉ ሄዱ።

ሦስቱ ቀፎዎች በዚያ ለመዱ። አራተኛው በዘጠነኛው ቀን ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የጀመረውን ማር ትቶ መንጋው ሄዷል። ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ጧት፣ ቀፎዎቹ በተነሡበት ማለዳ ማለታችን ነው፣ ወደ ትምህርት ስንሄድ በጋሼ አጥር በኩል ብናይ፣ ውጭ ያደሩ ጥቂት ንቦች ቀፎው በነበረበት ስፍራ፣ በባዶ አየር ላይ፣ በቀድሞው በር ከፍታ ልክ ሲዞሩ አየን። ታክሲ እስኪሞላ ድረስ ብናስታውሳቸው አንድ ቃል መናገር አቃተን።

አሁን ይህን የምንጽፈው ስለ ጋሼ አዝነን ብቻ አይደለም። ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አለን። እኛ የብራና መጻሕፍት እንዳይጠፉ ፎቶግራፍ ሲነሡ አይተናል፤ ስማቸውም ሲመዘገብ ረድተናል። ከጉለሌ እስከ አባ ሳሙኤል ባሉት ጓሮዎች ያሉ ንቦች፣ ፌንጣዎችና ጥንዚዛዎች ግን ያልተነበቡ መጻሕፍት ናቸው፤ ከበረዶው ዘመን እስከ ዛሬ ሲገለበጡ የኖሩ ናቸው። አንድ ግቢ በፈረሰ ቁጥር አንድ መደርደሪያ ይጎድላል። ከየቀፎው ጥቂት ንቦች በአልኮል ጠርሙስ አስቀምጦ ቀኑንና ስፍራውን መጻፍ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለንም። ቀፎ ያለበትን ግቢ ለማሳየት፣ ባለቤቶቹንም ለማነጋገር እኛ ዝግጁ ነን። በአቃቂ እስካሁን አሥራ አንድ ግቢ ቆጥረናል።

ባዶውን ቀፎ ጋሼ መልሰው አምጥተውታል። በወይራ አጥነው፣ ሰም ቀብተው፣ በእኛ ግቢ ባለው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ስንሰቅል የቀፎውን አፍ ወደ ሐዲዱ አዙረነው ነበር፤ «ወደ ወንዙ አዙሩት፤ የሚመጣ ካለ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው» አሉን። አዞርነው። እስከ ዛሬ የገባ የለም፤ ጋሼ ግን በየሳምንቱ እየመጡ ጉንዳን እንዳይወጣበት ግንዱን አመድ ይነሰንሱበታል።